ውጭ ቢሆን ኖሮ…

ድንኳኑ ያፈስ ነበር፡፡ ኮልፌ፣ ከአጣና ተራ ገባ ብሎ ባለች ቀጭን መንገድ ላይ የዕድራችን አሮጌ ሸራ ተወጥሯል፤ ከሥሩ አርባ የምንሆን ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን የሐምሌን ዝናብ እናዳምጣለን፡፡ ጥግ ላይ ወጣቶቹ ካርታ ይጫወታሉ፡፡ ከጓሮ ንፍሮ የሚቀቀልበት እሳት ጭሱ በሸራው ሥር እየገባ ያስለናል፤ በተለይ እኔን፡፡ የሞተችው ጎረቤቴ ናት፡፡ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች የምታከፋፍል፣ አርባ ዓመት ያልሞላት፣ የሁለት ልጆች እናት፡፡ ስሟን አልጠራም፤ ልጆቿ ማንበብ ይችላሉ፡፡ የገደላት አስም ነው፡፡

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ የአክስቷ ልጅ ከአሜሪካ ደወለ፡፡ እዚያ ነርስ ነው፡፡ አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገውና ሁላችንም ሰማነው፡፡ አልቅሶ አልቅሶ ሲያበቃ፣ «እዚህ ብትሆን ኖሮ እኮ ኤክሞ ላይ ያደርጓት ነበር! ሳንባዋን አሳርፈው፣ ማሽኑ እንዲተነፍስላት አድርገው… ትድን ነበር!» አለ፡፡ ድንኳኑ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ፡፡ «ውጭ ቢሆን ኖሮ ትድን ነበር» አሉ አንድ አባት፡፡ «ውጭ ቢሆን ኖሮማ!» አሉ አንዲት እናት፡፡ ነገሩ ከአፍ ወደ አፍ ዞሮ እኔ ዘንድ ሲደርስ እኔም አልኩት፡፡

ከዚያስ? ከዚያማ ሰው ሁሉ ቀለል አለው፡፡ በዓይኔ አየሁት፡፡ የባሏ ወንድም ለመጀመሪያ ጊዜ ሻይ ጠየቀ፡፡ ካርታው ቀጠለ፡፡ ጥፋተኛው ተገኝቷላ! ጥፋተኛው ማሽን ነው፤ ያውም የሌለ ማሽን፡፡ የሌለ ነገር አይከሰስ፣ አይወቀስ፣ ቀበሌ አይጠራ፡፡ እኛም ንፍሯችንን ዘግነን ወደየቤታችን ገባን፡፡

አንባቢዬ ሆይ፣ ዛሬ የምጣላው ከዚህች አረፍተ ነገር ጋር ነው፡፡ አዲስ አይደለችም፡፡ ኩላሊት ሲሆንም ትመጣለች፣ ወሊድ ሲሆንም ትመጣለች፣ የመኪና አደጋ ሲሆንም አትቀርም፡፡ ለቅሶ ቤት እንደ ንፍሮው ለሁሉም ትደርሳለች፡፡ ማጽናኛ ትመስላለች፤ እኔ ግን ምሕረት መጠየቂያ ሆና አገኘኋት፤ ያውም ጥፋት ሳይናዘዙ የሚጠየቅ ምሕረት፡፡

መጀመሪያ ግን ለማሽኑ ፍርድ እንስጠው፡፡ ነርሱ ልጅ የዋሸው ነገር የለም፡፡ ኤክሞ ማለት ከሰውነት ውጭ የተቀመጠ ሳንባ ነው በሉት፡፡ ጣት የሚያህል ቱቦ በብሽሽት በኩል ትልቁ የደም መልስ ውስጥ ይገባል፤ ፓምፕ ደሙን እየሳበ ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ ሺህ ቱቦዎች በታጨቁበት ዕቃ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ እዚያ የተቃጠለው አየር ይወጣል፣ ኦክሲጅን ይገባል፤ ደሙ ሞቅ ተደርጎ በአንገት ሥር በኩል ወደ ልብ ይመለሳል፡፡ ሰውየው ሳንባውን ሳያሠራ ለቀናት ይኖራል ማለት ነው፡፡ የዚህ ማሽን አባት በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ የልብና የሳንባን ሥራ የሚሠራው መሣሪያ ነው፤ አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ጊበን እ.ኤ.አ. በ1953 ፊላደልፊያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካ ሥራ ሠራበት፡፡ ያ ግን ለሰዓታት ብቻ ነበር፡፡ በ1971 ዶናልድ ሂል የተባለ ሐኪም በአደጋ ሳንባው የተጎዳ የ24 ዓመት ወጣት ለሦስት ቀናት ያህል በማሽን አቆይቶ አተረፈ፡፡ በ1975 ደግሞ ሮበርት ባርትሌት ካሊፎርኒያ ውስጥ እናቷ ትታት የሄደች አራስ ልጅ አዳነ፡፡ ነርሶቹ «ኤስፔራንዛ» አሏት፤ በእስፓኝ ቋንቋ ተስፋ ማለት ነው፡፡ እኛ ብንሆን ተስፋነሽ እንላት ነበር፡፡

ለአስም ደግሞ ይህ ማሽን ከብዙ ሌላ በሽታ ይልቅ ይስማማዋል፡፡ ምክንያቱ ቀላል ነው፡፡ አስም የያዘው ሰው አየር ማስገባት ያቃተው ይመስለናል፤ ዋናው ጣጣ ግን ማስወጣቱ ነው፡፡ ቧንቧዎቹ ያብጣሉ፣ ይጠባሉ፣ በአክታ ይደፈናሉ፤ የገባው አየር ሳይወጣ ሌላ ይጨመርበታል፤ ደረት እንደ ተነፋ ኳስ ይወጠራል፤ የተቃጠለው አየር ደም ውስጥ ይከማቻል፡፡ በዚህ ላይ የመተንፈሻ መሣሪያ ገጥማችሁ አየር ብትገፉበት የተነፋውን ኳስ መንፋት ሊሆን ይችላል፤ ሳንባ ሊፈነዳም ይችላል፡፡ ኤክሞ ይህን ይገላግላል፡፡ የአስም ሳንባ የበሰበሰ ሳንባ አይደለም፤ የተዘጋ በር ነው፡፡ በሩ እስኪከፈት ማሽኑ ይተነፍስለታል፡፡ ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰበ አንድ መዝገብ አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1992 እስከ 2016 በከባድ አስም ምክንያት ኤክሞ ላይ የተደረጉ 272 ሰዎች ተመዝግበውበታል፡፡ 83.5 በመቶዎቹ በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪም ጥበብ ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው ገብተዋል፡፡ እነዚህ ሰዎች እኮ ያለ ማሽኑ አለቀላቸው የተባሉ ናቸው፡፡ ደም መፍሰሱ አለ፣ ሌላም ሌላም መዘዝ አለ፤ ቢሆንም ተአምር ነው ብል ማንም አይፈርድብኝም፡፡

ታዲያ ጠቡ የቱ ላይ ነው?

እነዚያ 272 ሰዎች ማሽኑ ጋ እንዴት ደረሱ? እስቲ ይህን እንጠይቅ፡፡ ስልክ ተደውሎ አምቡላንስ መጣላቸው፡፡ መንገድ ላይ ኦክሲጅን ተደረገላቸው፡፡ ድንገተኛ ክፍል የሚጠብቃቸው ሐኪም ነበር፤ ስቴሮይዱ ተሰጠ፣ ማግኒዚየሙ ተሰጠ፣ የሚተነው መድኃኒት ተሰጠ፡፡ አልሆን ሲል የጽኑ ሕሙማን አልጋ ተገኘ፤ የመተንፈሻ መሣሪያ ተገጠመ፤ እሱም አልሆን ሲል ነው ኤክሞ የተጠራው፡፡ ከአጠገቡ ሌት ተቀን የማትለይ ነርስ አለች፣ የደም ባንክ አለ፣ የማይጠፋ መብራት አለ፡፡ ማሽኑ የመሰላሉ የመጨረሻ ደረጃ ነው፡፡ እኛ ግን ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብለን መሰላሉን በሙሉ ዘልለን ጣሪያው ላይ ያለችውን አንዲት ደረጃ እናለቅስላታለን፡፡

የቀድሞ ሙያዬ ነገር አይለቀኝምና አንድ ነገር ላንሳ፡፡ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ትራጄዲ ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼን የሚያስቅ ነገር ነበረ፡፡ በጥንታዊት ግሪክ ቴአትር ደራሲው ታሪኩን አወሳስቦ አወሳስቦ መፍቻው ሲጠፋው፣ በመጨረሻው ሰዓት አንድ አምላክ በእንጨት ማንሻ ታንጠልጥሎ ከላይ ይወርድና ሁሉን ያስተካክላል፡፡ «ከማሽን የወረደ አምላክ» ይሉታል፡፡ አሪስጣጣሊስ ይህን አልወደደውም፤ የዩሪፒደስን ሜዲያ ጠቅሶ፣ የታሪክ መፍቻ ከራሱ ከታሪኩ እንጂ ከማንሻ መምጣት የለበትም ብሎ ተቸ፡፡ ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር፡፡ እኔም እስቅ ነበር፡፡ ሐምሌ ውስጥ እዚያ ድንኳን ሥር ስቀመጥ ግን ያ ማንሻ ትዝ አለኝ፤ አርባ ሰው አንጋጦ የሚወርደውን ይጠብቃል፡፡ የዚህች ሴት ታሪክ በመጨረሻው ገቢር አልነበረም የተበላሸው፡፡ የመጀመሪያውን ገቢር አውቀዋለሁ፤ እኔም ተዋናይ ነበርኩበት፡፡

ኮልፌ የእንጨት አገር ነው፡፡ አጣናው ይከመራል፣ ጣውላው ይሰነጠቃል፣ ሰጋቱራው በማዳበሪያ ጆንያ ይሸጣል፡፡ ሰጋቱራ ርካሽ ማገዶ ነው፡፡ ጎረቤቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነበራት፤ መብራቱ ሲሄድባት፣ ሲመጣም ቆጣሪው ሲያስደነግጣት በሰጋቱራ ትጋግራለች፡፡ ማድ ቤቷ መስኮት የለውም፤ የቆርቆሮ በር ብቻ፡፡ በጠዋት በዚያ ሳልፍ ከጭሱ ውስጥ ሳሏ ይሰማኛል እንጂ እሷ አትታየኝም፡፡ በጋ ሲሆን የመንገዱ አቧራ አለ፤ ነፋስ ከረጲ በኩል ሲነሣ የቆሼ ሽታ አለ፡፡ (ቆሼ ሲባል መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከመቶ አሥር በላይ ሰው የቀበረውን የቆሻሻ ተራራ ማለቴ ነው፡፡ ያን ጊዜም ድንኳን ተቀምጠን ነበር፡፡) እንግዲህ አስም ያለበት ሰው ይህን ሁሉ በየቀኑ ይስባል፡፡

እኔም አስም አለብኝ፡፡ ጎረቤቴ ይህን ከሰፈሩ ሰው ቀድማ ያወቀችው ሳሌን ሰምታ ነው፤ ሳል ሳልን ያውቃል፡፡ አንድ ቀን በሬን አንኳኳችና «ጋሼ፣ እስቲ ያችን ፓፍ ያበድሩኝ» አለችኝ፡፡ ሰማያዊዋን ሰጠኋት፡፡ ሁለት ጊዜ ሳበችና ፊቷ በራ፡፡ ከዚያ ወዲህ ለአራት ዓመት ያህል በወር አንዴም፣ በሳምንት አንዴም፣ በመጨረሻ በቀን አንዴም ትመጣ ነበር፡፡ እኔም እሰጣለሁ፡፡ ደግ ጎረቤት ነኛ! ቅዳሜ ቅዳሜ ትኩስ እንጀራ ትልክልኛለች፡፡ ምስጋናዋን ተቀብዬ እበላለሁ፡፡

አሁን ልናዘዝ፡፡ እኔ ቤት ሁለት ፓፍ ነው ያለው፡፡ አንዷ ሰማያዊ ናት፤ የተዘጋውን ለጊዜው ከፈት ታደርጋለች፡፡ ሁለተኛዋ ቡናማ ናት፤ በየቀኑ፣ ደህና ሆኜም፣ ጠዋትና ማታ የምስባት ስቴሮይድ ያለባት፡፡ እብጠቱን ከሥሩ የምታበርደው እሷ ናት፡፡ ያለ ቡናማዋ ሰማያዊዋን ብቻ መሳብ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ እንደ መደቀን ነው፡፡ እኔ ይህን አውቅ ነበር፤ ሐኪሜ በደንብ ነግሮኛል፡፡ ለጎረቤቴ ግን በአራት ዓመት ውስጥ ባልዲ አበደርኳት እንጂ አንድም ቀን ስለ ጣሪያው አልነገርኳትም፡፡ ለምን ብትሉኝ፣ ሰማያዊዋን ስሰጣት ወዲያው ትድናለች፤ ምስጋናው ወዲያው ይመጣል፡፡ ቡናማዋ ግን «ሐኪም ቤት ሂጂ፣ በየቀኑ ሳቢ፣ ብር አውጪ፣ ሰጋቱራውን ተዪ» የሚል ረጅም ክርክር አላት፡፡ ክርክር ሰለቸኝ፡፡

ይህ የኔ ፍልስፍና አይደለም፤ በቁጥር የተረጋገጠ ነው፡፡ ካናዳ ውስጥ፣ ሳስካቸዋን በሚባለው ግዛት፣ ተመራማሪዎች በአስም የሞቱትንና ያልሞቱትን አነጻጽረው እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጡት ጥናት አለ፡፡ በዓመቱ ውስጥ ታማሚው አንዲት ተጨማሪ የስቴሮይድ ፓፍ በተጠቀመ ቁጥር በአስም የመሞት ዕድሉ በ21 በመቶ ይቀንሳል፡፡ አንዲት ተጨማሪ ፓፍ! ኒውዚላንድ ደግሞ በተቃራኒው ተምራለች፡፡ ከ1976 ጀምሮ የአስም ሟች ድንገት በዛባት፤ ሲመረመር የሰማያዊዋ ጠንከር ያለች ዘመድ፣ ፌኖቴሮል የምትባለው፣ ገበያውን ሞልታው ነበር፡፡ እሷ ስትገታ ሞቱም ቀነሰ፡፡ ከ2019 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ሰማያዊዋን ብቻ መስጠትን አይመክርም፡፡ የኛ ፋርማሲዎች ግን ይህን የሰሙ አይመስሉም፡፡ ሰማያዊዋን ስትጠይቁ ዓይን ሳይታሽ ትወጣለች፡፡ ቡናማዋን ስትጠይቁ «አልቃለች፣ ሰኞ ሞክሩ» ነው፡፡ እኔ ከጦር ኃይሎች እስከ ፒያሳ በእግሬ የፈለግኳት ሰኞ አለ፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒት ብሎ ከዘረዘራቸው አንዷ ናት እኮ፤ ሽቶ አይደለችም!

በዚህ ላይ ኀፍረቱ አለ፡፡ «ፓፍ ሱስ ያስይዛል»፣ «አንዴ ከጀመርሽው አትተዪውም»፣ «ፓፍ የሚወስድ ሰው መጨረሻው ደርሷል» ይባላል፡፡ ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ «ማን ያገባታል» ይጨመርበታል፡፡ ጠበል እንዲበቃት ፓፉን ቀሚኝ ያሉ አሉ፤ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም የማውቃቸው አንድ ካህን ግን «እኛ መድኃኒት ጣሉ አላልንም» ብለው ሲቆጡ ሰምቻለሁ፡፡ ሰው ላይ ከመፍረዴ በፊት ግን የራሴን ልናገር፡፡ ሃያ ምናምን ዓመት ሳስተምር ተማሪ ፊት ፓፍ አውጥቼ አላውቅም፡፡ በጠመኔ ብናኝ ታፍኜ፣ ደረቴ እያፏጨ፣ «አንድ ጊዜ» ብዬ ኮሪደር እወጣና ከፈተና ወረቀት ሥር ከደበቅኩበት ቦርሳ አውጥቼ እንደ ሰረቀ ሰው ግድግዳ ተጠግቼ እስባለሁ፡፡ ስመለስ ስለ ሰብዓዊ ክብር አስተምራለሁ፡፡ ከነዚያ ተማሪዎች መካከል ስንቱ አስም ነበረበት? አንዱ እንኳ መምህሩ ሲስብ ቢያይ ኖሮ…

የዚያች ሌሊት ነገር ረጅም አይደለም፡፡ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ትልቁ ልጇ በሬን ደበደበው፡፡ ፓፏን ሰጠሁት፡፡ አንዲት ፓፍ ሁለት መቶ ጊዜ ብቻ ነው የምትረጨው፤ ከዚያ በኋላም «ፍስስ» ትላለች፣ ውስጧ ግን መድኃኒት የለም፡፡ ስንት እንደቀራት አላውቅም ነበር፤ ለሁለት ሰው ስትሠራ ቆይታለችና፡፡ ልብስ ለብሼ ስደርስ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ፣ አንድ ቃል ተናግራ ለሁለተኛው ትንፋሽ ታጣለች፡፡ መኪና እስኪገኝ ግማሽ ሰዓት፡፡ መጀመሪያ የደረስንበት ጤና ተቋም ኦክሲጅኑ ነበር፤ የክፍሉ ቁልፍ ግን እቤቱ በተኛ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፡፡ ሪፈር ተጻፈላት፡፡ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት፡፡ የተላክንበት በር ላይ ስንደርስ አብቅቶ ነበር፡፡

እንግዲህ ንገሩኝ፤ ከዚህ ውስጥ ኤክሞ የቱ ጋ ነው? ማስታወቂያ በለጠፉ ሚኒባሶች፣ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ፣ «ለዚህች እህታችን ወደ ውጭ ለመላክ…» እየተባለ የሚሰበሰበው ገንዘብስ ምን ይሠራላት ነበር? ኩላሊት ቦርድ ይጠብቅ ይሆናል፤ ካንሰርም ቪዛ ይጠብቅ ይሆናል፡፡ አስም ማኅተም አይጠብቅም፡፡ ጉዳዩ የሰዓታት፣ አንዳንዴም የደቂቃዎች ነው፡፡ እዚያው ውጭም ቢሆን እኮ ማሽን ባለበት አገር ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል፡፡ እንግሊዞች የ195 የአስም ሟቾችን ፋይል አንድ በአንድ አገላብጠው እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ባደረጉት ሪፖርት፣ ከሟቾቹ 45 በመቶዎቹ የሕክምና ርዳታ ሳይጠይቁ ወይም ርዳታው ሳይደርስላቸው ነው የሞቱት፡፡ እዚያው ውጭ አገር! ስለዚህ «ውጭ ቢሆን ኖሮ» ራሷ እንኳ እንደምናስበው እውነት አይደለችም፡፡ ፊንላንዶች የአስም ሞታቸውንና የሆስፒታል አልጋቸውን የቀነሱት በማሽን አልነበረም፡፡ ከ1994 እስከ 2004 በዘለቀ አንድ አገራዊ ዕቅድ ቡናማዋን መድኃኒት በጊዜ ማስጀመርን፣ ነርሶችንና ፋርማሲስቶችን ማሠልጠንን ሥራዬ ብለው ያዙት፤ ለአስም የሚያዘው የአልጋ ቀን ከግማሽ በላይ ወረደ፡፡

ማሽን ማሽን ካላችሁ አንድ ማሽን ልንገራችሁ፡፡ ፓፍ በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲረጭ አብዛኛው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ለዚህ ሲባል በመሐል የሚገባ የፕላስቲክ ዕቃ አለ፣ ገዝቶ ላመጣ ውድ ነው፡፡ ኬፕታውን ላይ ሄዘር ዛር የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ አስም የተነሣባቸውን ሕፃናት ወስደው ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞከሩ፡፡ ቂጡን በፓፏ አፍ ልክ በስተው፣ ዳሩን አሽገው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው መጽሔት የታተመው ውጤት ጠርሙሱ ከተገዛው ዕቃ እኩል ይሠራል ይላል፡፡ እንግዲህ ይህ የኛው ሃይላንድ ነው! አውቶቡስ ተራ ሕፃናት ለቅመው የሚሸጡት፣ ኮልፌ ወንዝ ውስጥ በክረምት የሚንሳፈፈው ሃይላንድ፡፡ ይህን ለአንዲት እናት ለማሳየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም፡፡ ግን ሃይላንድ ሪባን አይቆረጥለትም፤ ቴሌቪዥንም አይመጣለትም፡፡

ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አንድ ሐኪም ወዳጄ አንብቦት ተቆጣኝ፡፡ «አንተ እኮ ለባለሥልጣን ሰበብ እያቀበልክ ነው» አለኝ፡፡ «‹ደሃ ስለሆናችሁ ፓፍ ይበቃችኋል› ሊሉን ነው፡፡ እንዲህ ብንል ኖሮ የልብ ማዕከሉም አይሠራም ነበር፡፡» የልብ ማዕከሉን ማንሳቱ ልክ ነው፡፡ ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1981 ዓ.ም. ግድም የጀመሩት፣ ሕዝቡ ለአንድ ልብ አንድ ብር እያለ ያዋጣለት፣ በ2001 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ በሩን የከፈተው የሕፃናት የልብ ማዕከል አለን፡፡ የኤክሞ አባት ያልኳችሁ ማሽን እዚያ ይሠራል፡፡ ስለዚህ ማሽን ለኛ አይሆንም የሚል ካለ መጀመሪያ እዚያ ግቢ ይሂድና ይይ፡፡ እኔም አልወጣኝም፡፡ ይምጣ፡፡ ሲመጣም እልል እላለሁ፡፡

ግን እዚያው ግቢ ቁጭ ብለው ተራ የሚጠብቁት ልጆች ብዙዎቹ ልባቸው ምን ነክቶት ነው? ሕፃን ሳሉ ጉሮሯቸውን አሟቸው፣ በጊዜው ፔኒሲሊን ሳያገኙ ቀሩ፣ በሽታው ተመላልሶ የልባቸውን በር በላው፡፡ ለጉሮሮ ሕመም ያላወጣነውን ጥቂት ብር ለተከፈተ ደረት እንከፍላለን፡፡ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይህን ከኔ በላይ ያውቁታል፤ በቀን የሚሠሩት ጥቂት ልብ ነው፣ ወረፋው ግን ሺዎች ነው፡፡ ወዳጄን፣ «አስምንም እንደዚሁ ልናደርገው ነው ወይ?» አልኩት፡፡ አገራችን የሳንባና የጽኑ ሕሙማን ስፔሻሊስት በራሷ ማሠልጠን የጀመረችው በ2005 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ላይ ነው፤ ትናንት ማለት ነው፡፡ እነዚያን ጥቂት ሐኪሞች ከአንድ ማሽን አጠገብ ለአንድ ታማሚ ሌት ተቀን እናቁማቸው ወይስ ኮልፌ ጤና ጣቢያ ያለችውን ነርስ ያስተምሩልን? እሱ «ሁለቱንም» አለኝ፡፡ «በየትኛው ብር?» አልኩት፡፡ እሱም፣ «በየትኛው ብር እንደምትል ነው የፈራሁት» አለና ዝም ተባባልን፡፡ ክርክሩን አሸነፍኩ አልልም፡፡ ግን ሐምሌ ላይ የሞተችው ሴት ዘንድ ሊደርስ ይችል የነበረው የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ፡፡

በአርባዋ ማግስት ባሏ ቤቴ መጣ፡፡ ትንሿ ልጅ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ ሌሊት ሌሊት ታስላለች አለኝ፤ «ሐዘን ነው ይላሉ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለ፡፡ ይዘናት ሐኪም ዘንድ ሄድን፡፡ አስም ነው፡፡ ቡናማዋ ታዘዘች፤ ሦስተኛው ፋርማሲ ላይ ተገኘች፡፡ ማታ ሃይላንድ በጋለ ሽቦ በስቼ፣ ዳሩን በፕላስተር አሽጌ ወሰድኩላት፡፡ ስትስብ ትስቃለች፤ ጠርሙስ መጠጣት መስሏት፡፡ አያቷ ከጥግ ሆነው፣ «ኧረ ይቺን ልጅ ሱስ አታስይዟት! ደግሞ ሰው እንዳያይ» አሉ፡፡ ባሏ መድኃኒቷን በእጁ ይዞ ግራ ገባው፡፡

«የት ላስቀምጠው ታዲያ፣ ጋሼ?» አለኝ፡፡

«ቡፌው ላይ» አልኩት፡፡ የሚስቱን ፎቶግራፍ ትንሽ ገፋ አድርጎ ቦታ አበጀለት፡፡